በአዲስ አበባ በኩል ያለው ኢንተርኔት ቤት

ኢንተርኔት በየሰው ኪስ ከመግባቱ በፊት፣ ከሚሴ ላይ ኢንተርኔት ቤት ከፍተን የምንፎካከር ሁለት ነበርን፤ እኔና አንድ ሳቂታ ጎረምሳ። የሱ ቤት በአዲስ አበባ መውጫ፣ የኔ በደሴ መውጫ። መስመር የሚሸጥልን አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስለነበር ሁለታችንም የምንቸረችረው ያንኑ ቀርፋፋ መስመር ነው። ደንበኛው ግን "የሱ ይፈጥናል" እያለ ጥሎኝ ይሄዳል። ምክንያቱን ስሰማ ሳቄና ንዴቴ እኩል መጡ። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ አይደል? እንግዲያማ መጀመሪያ የሚጠግበው በዚያ በኩል ያለው ቤት ነው፤ ለኔ የሚደርሰኝ ትርፍራፊው ነው!

የቦርከናን ውኃ በቦይ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔ ግን ነገር አላሳልፍም፤ "ውኃ መሰላችሁ እንዴ?" እያልኩ ከስንቱ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ጎረምሳው ምን ቸገረው፣ እየሳቀ ያስተናግዳል። እልህ ያዘኝና ካሜራ ገዝቼ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ገጠምኩ፤ ሴቶች ለብቻቸው የሚቀመጡበትን ጥግም በመጋረጃ ከለልኩ። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉባቸው እናቶች ወደኔ ዞሩ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከነባለቤታቸው መጡ። በመንደራቸው የውኃ አባት ናቸው፤ የቦዩን ተራ ለገበሬው የሚደለድሉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እዚያው ሾፌር የሆነ የባቲ ልጅ ጠይቋት፣ ወዳው፣ በቤተሰብ በኩል ነገሩ አልቋል። የቀረው ኒካሑ ነው። የሚያስሩት ሼህ ግን "የአባትየውን ፊት ሳላይ፣ ቃሉን ካፋቸው ሳልሰማ አላስርም" ብለዋል። አሠሪዋ የፈቀደችላት ደግሞ ያቺን ከሰዓት ብቻ ነው። ያቺ ሰዓት ካመለጠቻት መቼ እንደምትወጣ አላህ ይወቅ።

ገና ሰላምታው ሳያልቅ ምስሉ ቀጥ አለ። የልጅቷ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። እንደገና ደወልኩ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ደወልኩ፤ ጭራሽ ጠፋች። እናትየው በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ እኔ መስመሩን እራገማለሁ።

ሽማግሌው ተነሡ። "ከቦዩ ራስ ያለው ልጅ ዛሬ ከፍቷል?" አሉኝ።

"ከፍቷል፤ ቤቱም ጢም ብሏል" አልኩ።

"አብሽሪ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ። ዘግቶ ያሳልፍልን" ብለው በትራቸውን ይዘው ወጡ።

ይስቅብዎታል ልላቸው ብዬ ቃሉን ዋጥኩት። እኛ ዘንድ ሰብሉ ሊደርቅበት የደረሰ ሰው ከመጣ፣ ከቦዩ ራስ ያለው ተራውም ቢሆን ዘግቶ ያሳልፍለታል። እምቢ ያለ ሰው ነገ ማን ፊት ይሰጠዋል? ግን ይህ ሽንኩርት አይደለ፣ ቦርከና አይደለ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ ጎረምሳው ከኋላቸው። ቪዲዮ ሲያዩ የነበሩትን ሁሉ አስወጥቶ፣ ኮምፒውተሮቹን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ነው የመጣው። ስንት ደንበኛ የነጠቀኝ ሰው በኔ በር ሲገባ አፍጥጬ አየሁት።

"ምን ታፈጫለሽ? ደውይ እንጂ" አለኝ።

ደወልኩ። የሱ መዝጋት ይሁን ሌላ፣ ወላሂ እስከዛሬ አላውቅም፤ ልጅቷ ጥርት ብላ መጣች። ሻሿ፣ እጇ ላይ ያለው ሒና፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ሁሉ ይታያሉ። ሼሁ ገብተው ተቀመጡ፣ ሙሽራው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሼሁም ቃሉን እንዲሰጡ አባትየውን ጠየቁ።

ሽማግሌው ዝም አሉ። አንገታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስግገው አይንቀሳቀሱም። ዝምታው ሲበዛ ወዲያ ማዶ ተደናገጡ፤ ሼሁም ወደ ሙሽራው ዞሩ።

"አባ? ተቋረጠ እንዴ?" አለች ልጅቷ።

"አልተቋረጠም ልጄ" አሉ። "ፊትሽን ካየሁ ስንት ዘመኔ። ትንሽ ልይሽና እድርሻለሁ።"