ለሙሾ የተጨበጨበ ዕለት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳ አንዴ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ እሱንም ስድስተኛ ክፍል እያለሁ መምህራችን "ለማታውቁት ሰው ጻፉ" ብለውን ነው። ከስድስተኛ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አሁን የምጽፈው አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተዘበራርቆ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። ጽፌ ስጨርስ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም።

የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። እንዲህ ስል የሰፈር ሰው ቀና ብሎ ያየኛል። ሻይ አቅራቢ መሆኔን ስናገር ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ቋንቋና ታሪክ፣ ፍልስፍናና ቴአትር የሚማሩበት ኮሌጅ አለ፤ እዚያ ባለው የመምህራን ክበብ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ሻይ አደርሳለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። ጠዋት ጠዋት ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ እይዛለሁ። ዓይነ አፋር ነኝ። "ወራጅ አለ" ማለት እያፈርኩ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ስጠብቅ ፌርማታዬን አልፌ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

የክበቡ ሰዎች የሚያወሩት ብዙ ጊዜ አይገባኝም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ መምህር "ወጣልኝ!" እያሉ ገቡ። ሁሉም ብድግ ብለው ጨበጧቸው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ መስሎኝ ኃላፊያችንን በሹክሹክታ "የት ሳይት ደረሳቸው?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ቤቱ።"

"የምን ቤት! ጽሑፍ ነው እንጂ። የጻፉት ነገር ውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጣላቸው" አለችኝና በሳቅ ፍርስ አለች። ቀኑን ሙሉ ለመጣው ሁሉ ስታወራብኝ ዋለች። ትልልቅ ሰዎች ለአንድ ጽሑፍ እንዲያ እንደሚተቃቀፉ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር። እናቴ ከመርሐቤቴ የመጣች አልቃሽ ናት። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ እሷ ትጠራ ነበር። ሟቹን ባታውቀው እንኳ ደጅ ላይ ቆማ ጎረቤቶቹን ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቃለች፦ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ጥሎ ሄደ፣ መጨረሻ ምን ተናገረ። ከዚያ ትገባለች። እሷ አፏን ከከፈተች በኋላ ዓይኑ ደርቆ የሚቀር ሰው አላየሁም።

ታላቅ ወንድሜ የቀን ሠራተኛ ነበር። ዓለም ባንክ ሰፈር በኩል በሚሠራ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ይዞ ሲወጣ ከእንጨቱ መወጣጫ ወድቆ ሞተ። ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር። በማግስቱ አብሮት የሚሠራ ልጅ የምሳ ዕቃውን ይዞልን ድንኳኑ ድረስ መጣ። ልጁ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እማዬ አየችው። ተነሳችና መሃል ላይ ቆማ እንዲህ አለች፦

ምሳ ዕቃው መጣልኝ ሳይነካ ክዳኑ፣
ማን ያበላልኛል መሽቶበታል ቀኑ።

በዚያ ቀን አምስት ግጥም ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ሙሾ አውርዳ አታውቅም። ለቅሶ ትሄዳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቀመጣለች፣ ዝም ትላለች። "ድምፅሽን ለልጅሽ ብቻ ነው እንዴ የሰጠሽው?" እያሉ የሚወጓት ሴቶች አሉ። አትመልስላቸውም። ቤታችን ውስጥም ያንን ግጥም ያነሳው የለም። እኔ ግን አምስቱንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ልያዛቸው ብዬ አልያዝኳቸውም፤ እዚያው ቀሩብኝ።

ክበቡ ውስጥ ብርጭቆ ሳጥብ፣ ውሃው ሲንሿሿ ድምፄ የማይሰማ ይመስለኛል። አንድ ጠዋት ሳላስበው እያንጎራጎርኩ ነበር።

"አንቺ ልጅ!" አለች ኃላፊያችን ከኋላዬ። "ማን ሞቶብሽ ነው በጠዋቱ የምታሟርቺብን?"

"ይቅርታ፣ ሳላስበው ነው።"

"ዘፈን ካማረሽ ሬዲዮኑን ክፈቺ። ሰው ባልሞተበት ሙሾ ሲሉ አልወድም። ልጆች አሉኝ እኔ!"

እውነቷን ነው። እናቴም ብትሆን ያለ ለቅሶ ሙሾ አይነካም ትላለች። አፌን ዘግቼ እጥበቴን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ተማሪ ባዶ ብርጭቆዋን ራሷ ይዛ መጣች። የመጨረሻ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ናት፤ መመረቂያ ጽሑፏን ከሚያማክሯት መምህር ጋር ክበብ እየመጣች ትቀመጥ ስለነበር በመልክ አውቃታለሁ።

"ቅድም የምትዪው ምን ነበር?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ኧረ ሰምቼሻለሁ! በናትሽ ድገሚልኝ። መመረቂያዬ እኮ በሙሾ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስዞር የሰማሁት ሁሉ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነው።"

"እዚህ አይሆንም። ትቆጣኛለች።"

"እሺ፣ የት ይሆናል?"

እምቢ ማለት ስለማልችልበት ዕቃ ቤት ይዣት ገባሁ። በስኳር ከረጢትና በባዶ የለስላሳ ሣጥን መካከል ቆመን ስልኳን ወደ አፌ አስጠጋች። አምስቱንም አልኩላት፤ በዜማ ሳይሆን ትምህርት ቤት ቁሙና አንብቡ እንደሚሉን፣ አንገቴን ደፍቼ። ስጨርስ ቀና ብዬ አየኋት። እጇ ላይ ያለውን ፀጉር እያሳየች "እዪ፣ ቆመ" አለችኝ።

"የማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የሰፈር ነው።"

"ያወረደችው ሴትዮ ማን ናት?"

"አይታወቅም። ለቅሶ ቤት ነው የሰማሁት።"

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ አስቤበታለሁ። የእናቴ ነው ብላት ቤት ውሰጂኝ ትለኛለች፤ ቤት ብወስዳት እናቴን "ድገሙልኝ" ትላታለች። ይሄ ነው የመሰለኝ። ደግሞ ያለ እናቴ ፈቃድ እንደሰጠኋት ያኔ ገብቶኛል መሰለኝ። ወይም ጭራሽ አላሰብኩም። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ወራት አለፉ። ኮሌጁ በየዓመቱ ጎበዝ መምህራኑንና ተማሪዎቹን የሚሸልምበት ቀን አለው፤ ያን ቀን እኛ አዳራሽ ውስጥ ውሃና ሻይ እናድላለን። የምስክር ወረቀት የወሰደው ብዙ ነው። መጽሐፍ ያሳተሙ መምህር ነበሩ፤ ዶክትሬታቸውን የጨረሱ ነበሩ፤ ክርክር ያሸነፉ ተማሪዎች፣ ቴአትር ያሳዩ ልጆች ነበሩ። እኔ በግድግዳው በኩል ትሪ ይዤ እየሄድኩ ነበር። ከዚያ በምርምር አንደኛ የወጣችው ተማሪ ስሟ ሲጠራ ያቺ ልጅ ተነሳች። ከኋላ ወንበር እናቷ ብድግ ብላ እልል አለች። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

አማካሪዋ መምህር ስለ ጽሑፉ ትንሽ እንዲናገሩ ተጋበዙ። መብራቱ ደብዘዝ አለና ግድግዳው ላይ የእናቴ ግጥም ወጣ። ፊደሎቹ የሰው ቁመት ያህሉ ነበር።

"ልብ በሉ" አሉ መምህሩ፤ "የምሳ ዕቃው እዚህ ጋ ተራ ዕቃ አይደለም። ያልተኖረ ሕይወት ተምሳሌት ነው። ያልተነካው ክዳን ደግሞ ያልተከፈተ ዕድል ነው። ይህን ያለችው ማን እንደሆነች አናውቅም። ገጣሚዋ ባትታወቅም ድምፁ የሕዝብ ነው።"

እኔ ክዳኑ ቢጫ መሆኑን አውቃለሁ። ውስጡ የሽሮ ፍትፍት ነበር። የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ታዲያ መምህሩ ተሳስተዋል? እሳቸው ሲናገሩት አምሮ ነበር፣ እኔም ሳልወድ አመንኳቸው። ዕድል የሚባለውም ነገር እዚያ ውስጥ የነበረ መሰለኝ። ወንድሜ ሞተ እንጂ ተምሳሌት አልሆነም ብዬ መጮህም አማረኝ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ከዚያ አጨበጨቡ። አዳራሹ ሙሉ። በሙሾ ሲጨበጨብ በሕይወቴ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እጄ ላይ ትሪ ስለነበረ አላጨበጨብኩም። ትሪው ባይኖር ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ሰው ከወጣ በኋላ የውሃ ጠርሙስ ስሰበስብ ተማሪዋ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። "የት ጠፋሽ አንቺ! ያላንቺ እኮ ይሄ የለም!" መምህሩም ከኋላዋ መጡ፤ "ግጥሞቹን የነገረችሽ እሷ ናት?" ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጄ እርጥብ ስለነበር ክንዴን ሰጠኋቸው።

"የእናቴ ነው" አልኩ።

"ምኑ?" አለች ተማሪዋ።

"ግጥሙ። የሰፈር አይደለም። እናቴ ናት ያወረደችው፤ ለወንድሜ።"

ተማሪዋ እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። መምህሩ "የምሳ ዕቃውስ?" አሉ።

"ቤት አለ። ቁም ሣጥን ላይ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ሳይጠርጉት መልሰው አደረጉት። "የተሸለሙት ጽሑፎች በመጽሐፍ ሊታተሙ ነው" አሉኝ። "አሁን ካወቅን በኋላ ገጣሚዋ አትታወቅም ብለን ማተም አንችልም። እናትሽን ጠይቂያቸው። ከፈቀዱ እናርማለን። ካልፈቀዱ ግጥሞቹ ከጽሑፉ ውስጥ ይወጣሉ።"

"እነሱ ከወጡ እኮ ጽሑፌ ባዶ ነው" አለች ተማሪዋ በቀስታ።

"ቢሆንም። እስከ ሰኞ መልስ አምጪልኝ" አሉኝ መምህሩ።

ተማሪዋ እስከ በሩ ተከትላኝ መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ግን ተሰብሯል። "ለምን ዋሸሽኝ?"

"ቤት ትመጪያለሽ ብዬ ፈርቼ።"

"ብመጣ ምን ነበረበት?"

የሰበሰብኳቸውን ጠርሙሶች ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሦስት ጊዜ በአጠገቧ አለፍኩ። ስፈራ የነበረው መቆጣቷን አልነበረም። ያን ቀን መልሼ እንዳላመጣባት ነበር። ካልነገርኳት ደግሞ ያቺ ልጅ ልፋቷ ይቀራል።

"ምን ሆነሻል?" አለችኝ ዓይኗን ከሰፌዱ ላይ ሳታነሳ። "ወይ ግቢ ወይ ውጪ። ብርሃኑን ጋረድሽብኝ።"

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዕቃ ቤቱን፣ ስልኩን፣ ውሸቴን፣ አዳራሹን። ስነግራት እጇ አላቆመም ነበር። "የወንድሜን" ስል ቆመ።

"ሳትጠይቂኝ?"

"ሳልጠይቅሽ።"

ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደች፤ ከፈተችው፤ ምንም ሳታጥብ ዘጋችው። ተመልሳ ተቀመጠች።

"የቱን ነው የሰጠሻቸው?"

"አምስቱንም።"

"አምስቱንም ይዘሻቸዋል?"

"አዎ።"

"እኔ ሦስቱ ናቸው ያሉኝ" አለች። ፊቷን ለማየት ፈራሁ። ሰፌዱን ወደ ጭኗ መልሳ "ሰዎቹ ሲሰሙ አለቀሱ?" አለችኝ።

"አጨበጨቡ።"

"አጨበጨቡ? እንደ ሠርግ?"

"እንደ ሠርግ።"

ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱንም አላደረገችም። ሁለት ጠጠር ለቅማ ጣለች። "እንግዲህ ምን ያድርጉ" አለች። "አያውቁትማ።"

ጎረቤታችን ባልዲ ይዛ በአጠገባችን ስታልፍ "እናትና ልጅ ምን ትመክራላችሁ?" አለችን፤ እማዬ "ምስር እየለቀምን" ብላ ሸኘቻት። ሴትዮዋ እስክትርቅ ጠብቃ ወደኔ ዞረች።

"ልጅቷ እናት አላት?"

"አላት። ስትሸለም መጥታ ነበር።"

"እልል አለች?"

"አለች።"

"ታዲያ እልልታዋን እንዴት እቀማታለሁ" አለች። ፈቀደች ማለት ነው ወይስ አልፈቀደችም፣ አልገባኝም። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ፤ መምህሩ ሙሉ ስሟን ጽፈሽ አምጪ ብለውኝ ነበርና "ስምሽን እንዴት ብዬ ልጻፍ?" አልኳት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አገላብጣ አየችው፤ ማንበብ አትችልም። መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"የኔን ተዪው። የሱን ይጻፉ፤ ከነአባቱ።"