ለሰርግ ሲሆን ነውር የለውም

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ አሰብ ወደብ ገና በኢትዮጵያ መኪኖች ይጨናነቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ከደሴ ሄጄ እዚያ አስተምር ነበር። ሳስታውሰው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ለትምህርት መዝጊያው በዓል ሴት ተማሪዎችን ጭፈራ የሚያሰለጥን ሰው ፈልጊ ተባልኩ። ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ እትዬ ጽጌ የምትባል፣ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት ልብስ ሰፊ ነበረች። በወጣትነቷ የመርከበኞች ቡና ቤት ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ለብሳ ትደንስ ነበር። ደብቃውም አታውቅም። ስጠይቃት ደስ ብሏት መጣች።

ሁለት ሳምንት እንዳሰለጠነች የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ጠዋት ቢሆንም ሙቀቱ ሸሚዝ ከገላ ያጣብቃል። አቶ ግርማ የሚባሉ አባት ተነሡ።

«ለመርከበኛ ራቁቷን ስትጨፍር የኖረች ሴት ናት ልጆቻችንን የምታስተምረው?»

«ልጆቹ የለበሱትን ዩኒፎርም የሰፋችው እኮ እሷ ናት» አልኩ።

«ስፌት ሌላ፣ ዳሌ ማወዛወዝ ሌላ!»

ተጨበጨበ። እናቶቹማ ባሱ። ዳይሬክተሩም «በቃ፣ እንዳትመጣ ንገሪያት» አሉኝ።

ሄጄ ነገርኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«ራቁቴን ጨፍሬ አላውቅም፣ ቲቸር» አለች። «እኔ የጣልኩት ጓንትና ሻሽ ብቻ ነው። ሌላውን በሐሳባቸው ያወለቁት እነሱ ናቸው።»

በተከታዩ ዓመት ጥር ወር አቶ ግርማ ቤቴ ድረስ መጡ። ልጃቸው ሠናይት ልታገባ ነው። ሰርጉ በቪዲዮ ስለሚቀረጽ ከሚዜዎቿ ጋር በካሴት እንዳየችው መደነስ አምሯታል።

«ያቺን ሴትዮ ለምኚልኝ፣ መምህርት። እቤቷ ሄደው ይማሩ። ብቻ ሰው አይወቅ። እሷም ሰርጉ ላይ ባትገኝ ጥሩ ነው።»

በሩን ፊታቸው ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝ። ግን መልሱን እሷ ትስጥ ብዬ ለእትዬ ጽጌ ነገርኳት።

«ሙሽራዋ ራሷ ትምጣ» አለች። «የጥሪ ካርድ በስሜ ጽፋ፣ ይዛ ትምጣ።»

በማግስቱ ሠናይት በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያያት፣ ካርዱን ይዛ ግቢያችን ገባች። አባቷን አስፈቅዳ እንደሆነ አልጠየቅናትም።

በሰርጉ ቀን ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ወገባቸውን ሲያዞሩ፣ ስብሰባው ላይ ያጨበጨቡት እናቶች በእልልታ አዳራሹን አናወጡት። አቶ ግርማ ላባቸውን እየጠረጉ «ዘመናዊ ነው!» ይላሉ። እትዬ ጽጌ ከጎኔ ተቀምጣ «ያቺ ረጅሟ ከምቱ ቀደመች፣ ቀደመች!» እያለች ትበሳጫለች።

በዚያው ስሜት ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቼ፣ ለዘንድሮው በዓል እትዬ ጽጌ ትመለስ አልኳቸው። የወላጅ ኮሚቴው ተጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር።

«ያ ሰርግ ነው፤ ይህ ትምህርት ቤት ነው።»

አሁን ከዚያ የባሰ ጭፈራ በየቴሌቪዥኑ ይታያል፤ ቤተሰብ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን እየበላ ያየዋል። የደነገጠ ሰው አላየሁም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለቴም እንቢታቸውን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ መሆኔ ነው። «አልነግራትም፤ ራሳችሁ ንገሯት» ማለት አቅቶኝ ነበር።

እሷ ሁለተኛውን ስነግራት ስቃ ተወችው። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተውኩትም።