ውሃውን በግራሽ ይዘሽ

የነፍስ አባቴ በየጾሙ መጨረሻ ይጠይቁኛል፤ እኔም በየጾሙ መጨረሻ ሌላ ኃጢአት እነግራቸዋለሁ። ሰው አምቻለሁ እላለሁ። ዓርብ ቀን ካፑቺኖ ጠጥቻለሁ እላለሁ። የማስታምማትን ሲኞራ፣ አሠሪዬን፣ በሆዴ ረግሜያታለሁ እላለሁ። ስግደት ያዙኛል፣ ሰግጄ እነሳለሁ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ይህን አንዱን ግን ለሰው ተንፍሼ አላውቅም። ለእርስዎ የምነግርዎ ስለማያውቁኝና ፊትዎን ስለማላየው ነው። እሱም ራሱ ፈሪነት ነው፤ ከሌላው ጋር ይደምሩልኝ።

እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሮም ውስጥ ሰው ቤት እያደሩ ሲሠሩ ያረጁ፣ እኔንም ከአገሬ እንደመጣሁ ሥራ ያስገቡኝ ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ያሬድ። በባሕር አቋርጦ ሲመጣላቸው እሳቸው የሚያድሩት ከአሠሪያቸው ማድ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነበርና የሚያስጠጉበት አጡ። ፖንቴ ማሞሎ በሚባል ሰፈር ከነበሩት የስደተኞች የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ ገባ። ሐሙስ፣ የእረፍት ቀናቸው፣ ምግብ ቋጥረው በሜትሮ ይሄዱለት ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ያሬድ ወደ ሰሜን ተሰደደ። ከፊንላንድ፣ ኩኦፒዮ ከምትባል ከተማ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። እናት ዝም ባለ ስልክ ላይ ስንት ጊዜ ትደውላለች? እትዬ ዘነበች ጣታቸው ቁጥሩን ከአቡነ ዘበሰማያት እኩል አውቆት ነበር።

እግዜር ሲፈርድብኝ፣ የእኔ ሲኞራ ልጅ እዚያችው ከተማ አግብታ የካቲት ላይ ወለደች። ሲኞራ ያለ እኔ ደረጃ አትወርድም፤ አብሬያት እንድሄድ ሆነ። እትዬ ዘነበች የከተማዋን ስም ከአፌ ሲሰሙ ተነስተው ቆሙ። ከያሬድ ጋር አብሮ የኖረ አንድ ወጣት በሮም ሲያልፍ ቤቱን በቃል ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም እንደ ዳዊት አስጠኑኝ፤ ከገበያው አደባባይ ወደ ወደቡ ትወርጃለሽ፣ ውሃውን በግራሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ድልድዩን ስትሻገሪ ቢጫ ፎቅ አለ፣ ያሬድ ከላይኛው ላይ ነው። የመንገድ ስም የለ፣ የቤት ቁጥር የለ። የእኛ ሰው መቼ በቁጥር ቤት ያመለክታል? በውሃና በቀለም ነው።

ፌስታል ሰጡኝ። በውስጡ ሲኞራቸው ቴሌቪዥን ስታይ አጠገቧ ቁጭ ብለው የሠሩት ግራጫ ሹራብና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ነበር። «አደራ» አሉኝ፣ እጄን ከነፌስታሉ ይዘው። «የሰማይ የምድር አደራ። እንዳየሽው ድምፁን አሰሚኝ።»

ኩኦፒዮ በገባን በማግስቱ፣ ሕፃኑ ሲተኛ፣ ሲኞራ ወጥቼ አየር እንድወስድ ፈቀደችልኝ። ወጣሁ። አደባባዩ ነጭ፣ ጣራው ነጭ፣ መኪናው ሁሉ ነጭ። በረዶው ከጫማዬ ስር እንደ አዲስ ወንበር ሲጢጥ ይላል። እናቶች ልጆቻቸውን በገመድ እየጎተቱ ያንሸራትታሉ፤ አንዲት አሮጊት የገበያ ቦርሳዋን ወንበር በሚመስል መንሸራተቻ ላይ አስቀምጣ በአንድ እግሯ እየገፋች አለፈችኝ። ቁልቁል ወደ ወደቡ ወረድኩ። መርከቦቹ ቆመዋል። ውሃ ግን የለም። በግራዬም በቀኜም ሜዳ ነው። ውሃው የታለ? ያ ወጣት ዋሽቷቸው ይሆን? ከተማው ሌላ ይሆን? አንድ የተጠረገ መንገድ አገኘሁና እሱን ይዤ ሜዳውን ተያያዝኩት። ስለት በተገጠመለት ጫማ የሚንሸራተቱ ሰዎች በአጠገቤ ሽው ይላሉ።

ብዙ ከሄድኩ በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውዬ አየሁ። ትንሽ ዘንግ ይዞ ወደ መሬት አጎንብሷል። ጠጋ ብዬ ሳይ ከእግሩ ስር ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ውሃ ይወዛወዛል።

ያኔ ገባኝ። ወጣቱ ያን ምልክት ያየው በበጋ፣ ሐይቁ በረዶ ሳይሆን ነው። እኔ ውሃውን በግራዬ ሳይሆን ከእግሬ በታች ይዤው ነበር የምሄደው። ሐይቁ መሃል ቆሜያለሁ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ፣ ማዶ፣ ቢጫው ፎቅ ቆሟል። የመስኮቶቹ መጋረጃ እንኳ ይለያል። ዓሣ አጥማጁ ፊቴን አይቶ በእጁ ወደ ማዶ እያመለከተ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ሂጂ፣ በረዶው ሰው ይችላል ማለቱ ነው። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች በአጠገቤ አልፋ ወደዚያው ተሻገረች። ሕፃን በጋሪ የተሻገረበትን እኔ ዞሬ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ቀን ፍርሃት ነው እንበል። ፍርሃትን እግዜርም ይታገሣል። በማግስቱስ? ከዚያ በኋላስ? አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ወጥቻለሁ። በየብስ የሚዞር መንገድ ነበረ፣ ድልድዩም ነበረ፣ ጠይቄ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንንም ሳልደግፍ፣ እግሬ ወዳዘዘኝ ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ዓሣ በሆዱ ይዞ የተጋገረ ዳቦ የሚሸጥበትን የገበያ አዳራሽ ዞርኩ። ዳገቱን ወጥቼ ሐይቁንና ጥዱን ከላይ አየሁ። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁና ገብቼ ለያሬድ ሻማ አበራሁ። ሄዶ በሩን ማንኳኳት ላቃተው ሰው ሻማ ማብራት እንዴት ይቀላል!

ከደስታው ስር ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ። ባገኘው ምን ላደርገው ነው? ታሞ ቢሆንስ? ሰክሮ ቢሆንስ? ውሰጂኝ ቢለኝ፣ ቢያለቅስብኝ፣ ሲኞራ ምን ትለኛለች? ሰው ካገኙት በኋላ አይጥሉትም፤ ካላገኙት ግን ምንም የለበትም። ይህን አስቤዋለሁ፤ ሳላስበው ያደረግኩት አይምሰልዎ።

ብርዱ ሲበረታ ሹራቡን ከኮቴ ስር ለበስኩት። በመጨረሻው ቀን ወደቡ ጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቢጫውን ፎቅ እያየሁ፣ ከረጢቱን ፈታሁ። ለቅምሻ አንድ ጭብጥ አልኩ። ከዚያ ሌላ ጭብጥ። ዳቦ ቆሎው አለቀ። አደራ በላ ሲባል ስሰማ ድሮ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ እኔ በጥርሴ እያደቀቅሁ ነው የበላሁት። ሹራቡን ሮም ይዤ መመለስ ስለማልችል ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ ካለው የኮት መስቀያ ላይ ሰቅዬው መጣሁ።

በተመለስን ሐሙስ እትዬ ዘነበች ቪያ ቮልቱርኖ ካለው የሀበሻ ምግብ ቤት ቀድመውኝ ተቀምጠው ነበር። ሙሉ ነጭ ለብሰዋል።

«አገኘሽው?» አሉኝ።

«አገኘሁት፤ ደህና ነው» አልኩ።

ደህና ነው ካልኩ በኋላ አፌ አልቆመም። ወፍሯል አልኩ። ሥራ ይዟል አልኩ። ሹራቡን ወዲያው ለበሰው አልኩ። ለምን በስልክ እንዳላገናኘኋቸው ሲጠይቁኝ ስልኬ በብርድ ጠፍቶብኝ ነበር፣ እሱ ራሱ ይደውላል አልኳቸው። ዓይናቸውን ግን ማየት አልቻልኩም፤ እንጀራውን ነበር የማየው። እሳቸው እጃቸውን ከገበታው መለሱ። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉ። ስለ ያሬድ ሁለተኛ አልጠየቁኝም። አመኑኝ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ አይስጥዎ።

ነጠላቸው ቀረ። ጥቁር ሻሽ ማሰር ጀመሩ፤ ብርድ ነው ይላሉ። ሮም ውስጥ በግንቦት ምን ብርድ አለ? ሐሙስ ስንገናኝ አፌን አፌን ያያሉ፤ የሆነ ነገር እንድላቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ። እኔ ስለ ሥራ አወራለሁ፣ ስለ ፔርሜሶዬ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዴ፣ አወራለሁ። እየከሱ ሄዱ፤ በጋው አጋማሽ ላይ ሆስፒታል ገቡ።

አሠሪያቸውን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ግራ የገባት ነገር እንዳለ ነገረችኝ። ከየካቲት ጀምሮ ዘነበች ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ታጥባ ለብሳ፣ ሳሎን ውስጥ በሩን እያየች ትቀመጥ ነበር አለችኝ። ሰው ትጠብቃለች፣ ማንን እንደሆነ ግን አትነግረኝም አለች።

እርስዎ ገብቶዎታል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለእናቱ ወዲያው አይነገርም። ሁሉም ደህና ነው ይላታል፤ ወፍሯል፣ ሥራ ይዟል፣ ይደውላል ይላታል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መጥተው በሯን ያንኳኳሉ። እትዬ ዘነበች ስንቱን እናት በዚያ ቃል ሸንግለው፣ ስንቱን ጠዋት መርዶ ነጋሪ ሆነው ሄደዋል። ደህና ነው፣ ዓይን የሚሸሽ ሰው ሲለው፣ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሚደውል ልጅ ደግሞ አልደወለም። እኔ ስንፍናዬን ልሸፍን የዋሸሁትን እሳቸው ሞቱን የምደብቅ መሰላቸው። ልጃቸውን ለብቻቸው አልቅሰው፣ ጠዋት ጠዋት መርዶውን ይጠብቁ ነበር።

ገባሁ። እጄን ያዙኝ፤ ያኔ ከፌስታሉ ጋር እንደያዙት።

«ሰብለ፣ አሁን እንኳ ንገሪኝ» አሉ። «የት ቀበሩት?»

በዚያች ሰዓት እውነቱ ቀላል ነበር። አላየሁትም፣ አልሄድኩም፣ ሞቱንም አላውቅም፣ ይኖር ይሆናል። ይህን ብል እሳቸው ተስፋ ያገኙ ነበር፤ እኔ ግን በፊታቸው አደራ በላ እሆናለሁ። ሊሞቱ ባሉ ሴት ፊት እንኳ ስሜን መረጥኩ።

«ኧረ ደህና ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። በማግስቱ አረፉ።

ያሬድ በመከር ሮም ገባ። ከባሕር እንደወጣ አሻራውን የሰጠው እዚህ ጣልያን ስለነበር ፊንላንዶች ይዘው መልሰውት ነው። መርዶውን ጎህ ሲቀድ ልንነግረው ስንሄድ እኔም ነበርኩ፤ እናቱን ያስታመመች ተብዬ ከፊት አስቀደሙኝ። ለቅሶው ከወጣለት በኋላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ስልክ ከደወልክ ይይዙሃል ብለው አብረውት የሚኖሩት ስላስፈራሩት እንዳልደወለ ነገረኝ። በረዶው እስኪሄድ ከዚያ ቤት አልወጣሁም አለኝ፤ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ በሐይቁ ላይ የሚሻገረውን ሰው ሲያይ ይውል ነበር፤ የሚያውቀው ሰው የሚመጣ እየመሰለው። አይተኸኝ ይሆን ብዬ አልጠየቅኩትም። እስካሁንም አልጠየቅኩትም።

ፍቱኝ አልልዎትም። የሚፈታኝ ሰው መሬት ውስጥ ነው፤ ሌላው የሚፈታኝ ደግሞ ምን እንዳደረግኩት አያውቅም፣ በየሐሙሱም እየደወለ እንዴት ነሽ ይለኛል። ፈርቼ ነው አልልም፣ በርዶኝ ነው አልልም። በረዶው ሰው ይችል ነበር።

ያን ለቅሶ ቀን ያሬድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እናቴ ስለ እኔ ምን ብላ ሞተች?»

«ደህና መሆንህን ታውቅ ነበር» አልኩት።

ትከሻዬን ሳመኝ። እግዜር ይስጥሽ አለኝ። የሚሰጠኝን እየጠበቅኩ ነው።