ቀይ ጉንጭ ያለው ማንጎ

አባቴ ጎንደር ሳሉ የተመሰገኑ ገበሬ ነበሩ። ኢየሩሳሌም ከገባን ወዲህ ግን ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ካለው ቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጠው አውቶቡስ ሲመጣና ሲሄድ እያዩ ነበር የሚውሉት። ቋንቋው አልገባቸው፣ ሥራ የሚሰጣቸው የለ። ኋላ እኔ በምሠራበት፣ በዮርዳኖስ ሸለቆ ባለ የማንጎ እርሻ አስቀጠርኳቸው። ነፍስ ዘሩ! ጠዋት እኔን የሚቀሰቅሱኝ እሳቸው ሆኑ፤ ማታ ስለ አፈሩ፣ ስለ ውኃው አውርተው አይጠግቡም።

ማንጎው ወደ አውሮፓ የሚላክ ነው። የዚያ አገር ሰው ደግሞ፣ የሥራውን ይስጠውና፣ ቀይ ጉንጭ የሌለውን አይገዛም። ሊበላው ነው ሊያገባው? ፍሬው ፀሐይ አግኝቶ እንዲቀላ፣ የሚጋርደውን ቅጠል ጥቂት ጥቂት እንድናነሣ አለቃው አዘዘን።

አባቴ ግን ሥራ ላይ ጥቂት የሚባል አያውቁም። አረም ሲነቅሉ ሥሩን ሳያዩ የማይለቁ ሰው፣ የራሳቸውን ረድፍ ዛፎች ሲያራቁቱ ዋሉ።

«ኧረ አባዬ፣ አበዙት!» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እርሻ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ሲስቁ ካየሁ ስንት ዘመኔ!

በሳምንቱ ሻራቭ የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃው መጣ። የሌሎቹም ማንጎ ተለበለበ፤ የአባቴ ግን ጉዱ ሌላ ነው። ፍሬው ሁሉ በፀሐይ በኩል ጠቁሮ ቆዳው ተኮማትሯል። ለውጭ የሚሆነውን የምለየው እኔ ነበርኩ። ከእሳቸው ረድፍ የመጣውን ሣጥን ሁሉ ለጭማቂ ገፋሁት።

አለቃው አልጮኸም። ምነው በጮኸ! አባቴን ከዛፎቹ አንሥቶ ሣጥን አጣቢ አደረጋቸው።

«የአገሬን ፀሐይ አውቃት ነበር» ብቻ አሉ።

ያን ዕለት ማታ ኢየሩሳሌም ተመልሰን፣ ሃነቪኢም የሚባለው መንገድ ላይ ከእርሻው መኪና ስንወርድ፣ አውቶቡሱን መጠበቅ ትተው ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፉ። ተከተልኳቸው። እዚያ ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አረፍ አሉ። በሩ ላይ ተክል የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አማርኛችንን ሰምተው መጡ። የአባቴን እጅ ጨብጠው አልለቀቁም፤ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይኼማ የገበሬ እጅ ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «አገር ቤት ገበሬ ነበሩ፣ አይደል?»

አባቴ እጃቸውን ቀስ ብለው ሳቡ።

«አልነበርኩም፣ አባ» አሉ።