ኤክስን የሚፈልገው አስተማሪ

በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረኝ። አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ የገባች ሰሞን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «አስተማሪያችን ኤክስን ፈልጉ አለን» አለችኝ።

እኔ መሠረተ ትምህርት ብቻ የተማርኩ ነኝ። የማውቀው ኤክስ አስተማሪ ስህተት ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚያደርገውን ነው። ቀበሌውም ያኔ የሰው ስህተት ይለቅም ነበር። አሁን ደግሞ በልጆቻችን ሊያስለቅሙን ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

«የማንን ኤክስ ነው የምትፈልጉት?»

«የማንም አይደለም፣ እማማ። የማይታወቅ ነው።»

«ካልታወቀ ምን አድርጓችሁ ታሳድዱታላችሁ? ወላሂ፣ ከነገ ጀምሮ እዚያ አትሄጂም!»

አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ የሱቁን ሚዛን ሳበች። በአንድ ወገን የጨው ከረጢትና ባለ አንድ ኪሎ ብረት፣ በሌላው ወገን ባለ አንድና ባለ ሁለት ኪሎ ብረት አስቀመጠች። ሚዛኑ እኩል ቆመ።

«ኤክስ ከረጢቱ ነው። ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው የምንፈልገው» ብላ ከከረጢቱ ጎን ያለውን ብረት አነሳች። ሚዛኑ ተንጋደደ።

«ከወዲያኛውስ?» ብዬ ጮህኩ። «ከአንዱ ብቻ ማንሳት ግፍ ነው!»

«ሕጉም ይኸው ነው፣ እማማ» አለች እየሳቀች፤ ከወዲያኛውም አንዱን ኪሎ አነሳች። ሚዛኑ ተስተካከለ፤ ከረጢቱም ሁለት ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ትምህርት አይከለከልም ብዬ በማግስቱ ላክኋት። አስተማሪውን ግን አላመንኩትም። ሱቄ በመጣ ቁጥር፣ «ዛሬስ ማንን ነው የምትፈልገው?» እለው ነበር።

«ስኳር ብቻ ነው፣ እማማ» ይለኝ ነበር።