ፀሐይ የመታው ወንበር

ልጅ ሆኜ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ነገር ቢኖር የአባዬ እንጨት ነበር። አባዬ ቦንጋ ገበያ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠራ እንጨት ጠራቢ ነው። ሰው በርጩማ ሲሠራ እግሩን ለብቻ፣ መቀመጫውን ለብቻ አድርጎ በምስማር ያጋጥማል አይደል? እሱ እቴ! ከአንድ ግንድ፣ ያለ አንዲት ምስማር፣ ከነእግሩ ፈልፍሎ ያወጣዋል። እሺ ይሁን። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል ተብሎ፣ ተጠርቦ ያለቀው እንጨት በእርጥብ የእንጨት ፍቅፋቂ ተቀብሮ ወራት ይከርማል። የት? እኔ የምተኛበት ጥግ!

ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ዩኒፎርሜ ሳይቀር ዋንዛ ዋንዛ ስለሚል ክፍል ውስጥ «ጣውላ» ይሉኝ ነበር። እንጨቱ አጠገብ እሳት አይነድም፣ መስኮት አይከፈትም። እማዬ ምርር ሲላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ስታመም እንኳ እንዲህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች። አባዬ ይስቅና እንጨቱን ደግሞ ውሃ ይረጨዋል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መንግሥት ተለውጦ ቦንጋ ቢሮ በቢሮ በሆነችበት ሰሞን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለአዳራሹ ትልቅ ወንበር አዘዘው። ከነመደገፊያው ከአንድ ግንድ! አባዬ እንዲህ ያለውን አባቱ ሲሠሩ አይቷል እንጂ በራሱ እጅ ሲሞክር የመጀመሪያው ነበር። ወንበሩ ከተወደደ የገበያዋ ቦታ ለእሱ እንደምትጸናለት ቃል ገቡለት፤ ቦታዋን የሚፈልግ ሞልቶ ነበርና። ሁለት ወር ጠረበ። መሮው መዳፉን ልጦት እማዬ ቅቤ ስትቀባው ትዝ ይለኛል። ሲያልቅ ቀበረውና፣ «ጥቅምት ሳያልቅ ማንም እንዳይነካው!» ብሎ በርጩማ ሊሸጥ ሺሺንዳ ገበያ ሄደ።

ያን ቀን ፀሐይ ወጣች። የእኛን አገር ዝናብ ለሚያውቅ ይሄ ተራ ነገር አይደለም። ስንት ሳምንት ጠፍታ ብቅ ስትል ቦንጋ በሙሉ ፍራሹን፣ ቁርበቱን፣ በርበሬውን ተሸክሞ ደጅ ይወጣል። እኔና እማዬም ያለንን ሁሉ አሰጣን። ያ እርጥብ ክምር ብቻ ጥጌ ላይ ተጎልቶ ቀረ። «ወንበሩንስ?» አልኩ። እማዬ ትንሽ አመነታችና፣ «እስቲ እሱም ትንሽ ፀሐይ ይሙቅ» አለች። ተጋግዘን አወጣነው።

ቀትር ላይ ቋ! አለ። ከመደገፊያው እስከ እግሩ ተሰነጠቀ። እማዬ ፊቷ አመድ መሰለ። አባዬ ሳይመጣ መልሰን ቀበርነው።

አባዬ ፍቅፋቂውን ገልጦ ሲያየው ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ዳሰሰው። እማዬ ደግሞ ይግረማችሁ፣ «በኮላና በምስማር ያዝ አድርገህ ቀለም ቀባው፣ ማን ያየዋል?» አለችው። በጄ አላለም። ወንበሩን እንደተሰነጠቀ ተሸክሞ መሥሪያ ቤቱ ወሰደው። እኔም ተከትዬው ነበር። ኃላፊው፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተሰንጥቋል!» ሲሉት፣ «አዎ፣ ስሠራው ተበላሽቶብኛል። ጊዜ ይስጡኝ» አለ። እኔ አፌን ይዤ ቆሜያለሁ። ጊዜ አልሰጡትም፤ ከጅማ ሶፋ አስመጡ፣ ቦታዋም ለሌላ ሰው ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አባዬ በቤታችን ጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ እየገረፈው በርጩማ ይጠርብ ጀመር። እኔን ትምህርት ቤት ያስተማረኝ እነዚያን በርጩማዎች እየሸጠ ነው። እንደዚያ ያለ ትልቅ ወንበር ግን ሰው ለምኖ ቢያዝዘውም እንቢ አለ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እንቢ! እኔና እማዬም «ወይ የዚህ ሰውዬ ግትርነት!» እያልን በሽቀንበታል። እኛ! ሳናፍር!

ዛሬ ቦንጋን ባጃጅ ሞልቷታል። ቤቴ የፕላስቲክ ወንበር እንጂ ምንም ስለማይሸት ያ ያበሽቀኝ የነበረ የዋንዛ ሽታ ይናፍቀኛል። እማዬ ካረፈች በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ነገሩ ከበደኝና ለአባዬ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ምነው በተቆጣ! ያረጁ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«ፀሐይ መትቶት ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እኔ'ኮ እጄ የከዳኝ መስሎኝ ነው የተውኩት።»