ከመካከላቸው የገባሁ ብረት

የእስር ክፍሉ ውስጥ ሲከቱን መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ወለሉ በተዘረጋ እግር ሞልቶ መርገጫ አልነበረም። የወለል ማጽጃ ክሎር ይሸታል። እዚህ ሊባኖስ አደባባይ የወጣነው የቤት ሠራተኛ ሕጉ ይቀየርልን ብለን ነበር፤ ያኒ፣ ሠራተኛ በአሠሪዋ ፈቃድ ብቻ እንዳትኖር። አብራኝ የተያዘችው፣ ሲን ኤል ፊል ሰፈር ውስጥ ከእማዬና ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትጋራው ልጅ ናት። እህቴ እላታለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት። የእኔ ናት፣ ኸላስ፣ አለቀ።

ከእኛ ጋር አንዲት ሊባኖሳዊት ነበረች፣ ሰልፉን ልታግዝ መጥታ የታፈሰች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። እሷና እህቴ በተዋወቁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሳሳቁ ጀመር። ለእኔ የተረፈኝ የእህቴ ጀርባ ነው።

እህቴ ምን እንደምትማር ጠየቀቻት። ሴራሚክ እሠራለሁ አለች። ሳህን መስሎን ነበር። ለካ ማንጋኒዝ የሚባል ንጥረ ነገር ያለባት፣ እቶን ውስጥ የምትጋገር፣ የኮት ቁልፍ የምታክል ጥቁር ክብ ናት። ለማስረዳት የውኃ ጠርሙሱን አነሳች። ክፍሉ ስለጠበበ ውኃ ከበሩ እስከ ግድግዳው የሚደርሰው በእጅ በእጅ ነበር።

"እናንተ ማንጋኒዝ ናችሁ፤ ውኃው ኤሌክትሮን ነው። ስትቀባበሉ ሁላችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ ትዞራላችሁ። ማግኔት የሚያደርጋችሁ እሱ ነው።" ከዚያ እኔን ጎትታ ከእህቴ አጠገብ፣ ከበሩ በኩል አስቀመጠችኝ። "አንቺ ብረት ነሽ። አታቀብዪ።"

ጠርሙሱ እኔ ጋ ቆመ። ብረት በመጠኑ ማንጋኒዝን ያክላል አለች፤ ቦታው ላይ ልክክ ይላል፣ ግን አያቀብልም። በጨመሩት ቁጥር ኤሌክትሪኩ ማለፊያ ያጣል፣ ማግኔቱም ይደክማል።

"ብረት ተጨምሮ ማግኔት ይደክማል?" እህቴ ሳቀች። "ለዚች ግን ልኳ ነው። ግትር!"

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሁሉ ሴት ብረት የሆንኩት እኔ። ቅናት ያዘኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘቡ በሩን ከፍቶ ድምፅ ማጉያውን የያዘችው ማን እንደሆነች ጠየቀ። እህቴ ነበረች። ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ከወጣች ወዲህ ወረቀት የላትም፤ ከታወቀች በቀጥታ አገሯ ነው የሚልኳት። ከበሩ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠየቀን። እያንዳንዷ አላውቅም ትልና፣ ያለ ተንኮል፣ ዓይኗን ወደሚቀጥለዋ ትልካለች። እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁን አለሰለሰ።

"እናትሽ ውጭ እያለቀሰች ነው። ንገሪኝና ያላ፣ አብረሻት ሂጂ።"

የሚቀጥለው ሰው እህቴ ነበረች። ዓይኔን ዞር ማድረግ ይበቃ ነበር። በዚያች ሰዓት የተደገፈችው ደግሞ ተማሪዋን አይደለም፣ እኔን ነው። ዓይኔን ከዘቡ ፊት አልነቀልኩም። ጠበቀኝ። ጠበቀኝና፣ ጥያቄው እኔ ጋ ቆሞ ሲቀርበት፣ እህቴን ሳይጠይቅ በሩን ዘግቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠበቆች አስወጡን።

እህቴና ተማሪዋ እስከ ዛሬ በስልክ ያወራሉ፣ እኔ ክፍሉን እየጠረግሁ እሰማለሁ። ተማሪዋ ከሠራቻቸው ክቦች አንዷን ሰጠቻት፤ ለእሷ እንጂ ለእኔ አይደለም። ብረት የበዛባት ናት አሉ። መስታወታችን ሥር ተቀምጣለች። ማንም በሌለበት የፍሪጁን ማግኔት አስጠጋላታለሁ። ንቅንቅ አትልም። ደስ ትለኛለች።